ቡና የተነሰነሰበት ቁስል

ጋሼ ዓምሃ ከደረጃው ግርጌ ተንጋለው ተኝተዋል። እግሮቻቸው ገጥመዋል፤ ጋቢያቸው ደረታቸው ላይ ተስተካክሏል፤ ዓይኖቻቸው ተከድነዋል። ከደረጃ ተንከባለው የሞቱ ሰው ሳይሆን ምሳ በልተው ጋደም ያሉ ይመስላሉ። ኢንስፔክተር ሐመልማልን መጀመሪያ የከነከናት ይኸው ነበር፤ ወድቆ የሞተ ሰው እንዲህ አይሰበሰብም።

ግቢው እንደ ቀጨኔ ግቢ ሁሉ ተዳፋት ነው። ከላይ ከበሩ ይጀምርና ተንደርድሮ ታች የድንጋይ ግንብ ጋ ይቆማል። ደረጃው ከግንቡ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ወደ ጓዳ ያስገባል። የሟቹ ልጅ ዳኜ አዲሱ ገበያ ካለው ሱቁ ተጠርቶ መምጣቱ ነው፤ ከኋላዋ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ይናገራል።

«ሠራተኛዋ ናት! ኢየሩ! ገፍትራ ጥላቸው ሮጠች። ቀሚሷ በደም ተለውሶ ስትሮጥ ጎረቤት ሁሉ አይቷታል።»

«ወዴት ሮጠች?»

«ሆስፒታል ነች አሉ። ልጄን ይዛ ነው የሄደችው። የሁለት ዓመት ልጄ ሲና ግንባሯ ተተርትሯል! ባለቤቴ ብርቅነሽ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደዚያው ሄዳለች።»

«ሰው የገደለ ሆስፒታል ነው እንዴ የሚሸሸገው?»

«እ... ማለቴ፣ ለማስመሰል ነዋ! ከአባዬ ጋር ሁልጊዜ እንደተነታረኩ ነው። ትናንት እንኳ ‹ልጅቷን ብርድ አስመታሻት› ብለው ሲቆጧት ነበር። ካቴና ካላስገቡላት እኔ ከዚህ አልንቀሳቀስም!»

ሐመልማል ወደ አስከሬኑ አጎነበሰች። የሟቹን እጆች አገላብጣ አየች፤ ንጹሕ ናቸው። ጋቢውን ዝቅ ስታደርግ ጭናቸው ላይ በአግድም የተሰመረ ጥቁር መስመር አገኘች፤ ቅባት የጠጣ አቧራ ነው። ተነስታ ግንቡን በዓይኗ ስትፈትሽ የድንጋዩ ሻካራ ፊት ነጭ የጋቢ ክር ይዟል። የደረጃው ጠርዝ ላይ ደግሞ በሕፃን ቁመት ልክ ትንሽ ደም አለ።

ቀስ ብላ ወደ በሩ ወጣች። እዚያ መሬቱ ላይ የሞተር ዘይት ተንጠባጥቧል።

«እዚህ የሚቆመው የማን መኪና ነው?»

«የተከራያችን የያዕቆብ። አሮጌ ላዳ ናት። በጠዋት ሥራ ሄጃለሁ ብሏል፤ ደውዬለት ነበር።»

መኪናው ከሚቆምበት ጎን ባለው ማድ ቤት በር አጠገብ አጭር በርሜል ውሃ ሞልቶ ተከድኗል። ክዳኑ ላይ አንድ ጎኑ ሾጠጥ ያለ ድንጋይ ተጭኗል። ሾጣጣው ጎን ጠቁሯል። ጥላሸት መስሏት በጣቷ ፈተገችው፤ ጣቷ አልጠቆረም።

«ውሃ ዛሬ ነው የመጣው?»

«አዎ፣ ፈረቃችን ነው። ሱቅ ከመሄዴ በፊት ሞልቼ የከደንኩት እኔ ነኝ። ይኼ ከአባቴ ሞት ጋር ምን አገናኘው?»

«ለጊዜው ምንም» አለችና ወደ ሆስፒታል ይዛው ሄደች።

ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ኢየሩ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሲና የኢየሩን አንገት በሁለት እጇ አንቃ ይዛለች። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ብርቅነሽ ነጠላዋን እንደ ጸሎት አጣፍታ፣ እጇን ዘርግታ ትለምናለች።

«ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ ወደ እማዬ።»

ሲና ፊቷን ኢየሩ ደረት ውስጥ ቀበረች። ብርቅነሽ የተዘረጋውን እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋባት።

ወጣቱ ዶክተር ማቲያስ ሕፃኗን በአንሶላ ጠቅልሎ አስተኛት። «ማደንዘዣው ራሱ ያማል። እናት ጭንቅላቷን ትያዝልኝ። አንቺ ትከሻዋን። እርስዎስ፣ ኢንስፔክተር? እግሯን ቢይዙልኝ፤ ሌላ ሰው የለኝም።»

ሐመልማል ያዘች። የያዘቻቸው እግሮች ሁለቱም በአንድ መዳፍ ይገቡ ነበር። መርፌው ሲገባ ሲና «ኢዩ! ኢዩ!» እያለች ጮኸች፤ ኢየሩ ደግሞ ትከሻዋን እየተጫነች «አለሁ፣ አለሁ» ከማለት ሌላ ምንም ማድረግ አልቻለችም። ስንት ወንጀለኛ ያናዘዘችው ሐመልማል ፊቷን አዞረች። የሆነውን ሁሉ ያየች አንዲት ምስክር እጇ ላይ ናት፤ ምስክሯ ግን ከማልቀስ በቀር ቃል የላትም።

ዶክተሩ ቁስሉን በጨው ውሃ ያጥባል። ቡናማ ውሃ በጆሮዋ በኩል ወረደ።

«ማነው ይኼን ቡና የሞላበት? ደም ያቆማል እያላችሁ! አሁን እሱን ለማውጣት እንደገና ላሳምማት ነው።»

ብርቅነሽ ኢየሩን ገላመጠቻት። ኢየሩ አንገቷን ነቀነቀች።

«በመድኃኔዓለም እኔ አይደለሁም! ወፍጮ ቤት እህል አድርሼ ስመለስ አባባ ተዘርግተዋል፣ እሷ ታለቅሳለች። ቡናው ነበረባት። አባባ ራሳቸው ያደረጉላት መሰለኝ። ጮህኩ፤ ሰው የለም። አንስቻት ሮጥኩ።»

«ግቢው ውስጥ መኪና ነበር?»

«ኧረ እኔ መኪና ምኔ ነው? ዓይኔ ከሷ ሌላ ምን አየ?»

ሐመልማል ከውሃው ውስጥ ትንሽ ዝቃጭ በጣቷ አነሳች። እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በሙቀጫ ሲወቀጥ የሚቀረው ስብርባሪ የለበትም።

«ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ቤታችሁ ተፈጭቶ የሚቀመጥ ቡና አለ?»

«እኛ ቤት? ምን በወጣን! ስንፈልግ ቆልተን ነው የምንወቅጠው። ከሱቅ የተፈጨ እየገዛ የሚያፈላ ያዕቆብ ነው፤ ያው ወንደላጤ አይደል።»

ሐመልማል በሩ ላይ ላለው ፖሊስ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ፖሊሱ ወጣ።

ስፌቱ አልቆ ሲና በልቅሶ ብዛት ኢየሩ ጭን ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ፖሊሱ ያዕቆብን ይዞት መጣ። ሐመልማል ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሰበሰበቻቸው። ዳኜ ከኢየሩ አጠገብ አልቀመጥም ብሎ ግድግዳ ተደገፈ።

«አሁንም ካቴና አላስገቡላትም?»

«ይስሙኝ፣ አቶ ዳኜ። አባትዎ ከደረጃ አልወደቁም። ጭናቸው ላይ የቅባት መስመር በአግድም አለ፤ የመኪና መከላከያ የሚነካው እዚያ ጋ ነው። ከደረጃው ራቅ ያለው ግንብ የጋቢያቸውን ክር ይዟል። መኪና ተንደርድሮ ከግንቡ ጋር አጣብቋቸዋል። የሲና ደም ግን ያለው ደረጃው ላይ ነው፤ መኪናው በማይደርስበት። ለራሳቸው መሸሻ ጊዜ አልነበራቸውም። እሷን ለመወርወር ግን በቅቷቸዋል።»

«ወይ አባዬ!» አለች ብርቅነሽ።

«ከዚያ ሰው መጣ። መኪናውን ወደ ኋላ መለሰ፤ አስከሬኑን ወደ ደረጃው ሳበ፤ እግራቸውን አቃንቶ ዓይናቸውን ከደነ። ጠላት ዓይን አይከድንም፤ ሰውዬው ያዝንላቸዋል። ልጅቷ ስታለቅስበት ደግሞ የሚያውቃትን አንዲት መድኃኒት አምጥቶ ግንባሯ ላይ ነሰነሰ። ኢየሩ ስታነሳት ቡናው ነበር። የጋሼ ዓምሃ እጅ ግን ንጹሕ ነው፤ ቡና አልነካም። እናንተ ቤት ደግሞ የተፈጨ ቡና አይገኝም። ያዕቆብ፣ በጠዋት የሄደ ሰው ቡና እንዴት ግንባሯ ላይ ተገኘ?»

ያዕቆብ ቆሞ ነበር፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«የእጅ ፍሬኗ አይሠራም። ማርሽ ውስጥ አስገብቼ ከጎማዋ ሥር ታኮ ድንጋይ አደርጋለሁ፤ ሁሌም አደርጋለሁ! የመጋጨት ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ድንጋዩ የለም። በቃ፣ ረስቼዋለሁ አልኩ። ገደልኳቸው አልኩ። ወደቁ ከተባለ... ማንም አይጎዳም ብዬ...»

«ማንም?» አለች ኢየሩ። ድምፅዋን ሲና እንዳትነቃ ዝቅ አድርጋዋለች። «እኔ እኮ በእግሬ ነው የሮጥኩት። ታክሲው ሁሉ ደሙን እያየ ጥሎኝ ሄደ። አንተ መኪና ነበረህ።»

ያዕቆብ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ዳኜ ዘሎ በሸሚዙ አንገት አነቀው።

«አንተ ውሻ! አባቴን! ድንጋይ ማስደገፍ አቅቶህ አባቴን!»

ፖሊሱ አላቀቃቸው። ሐመልማል እዚህ ላይ ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። ኢየሩ ነፃ ወጥታለች፤ አልጨረስሽም የሚላትም አይኖርም። ነገር ግን ወለሉ ላይ የተቀመጠው ወጣት ታኮ ሳያደርግ የገደለ ሰው ተብሎ ሊፈረድበት ነው፤ እሱም አምኖ ተቀብሎታል። እውነቱን ከእሷ በቀር የሚያወጣው የለም፤ ሲወጣ ደግሞ የሚያሽረው ሰው የለም።

«አቶ ዳኜ» አለች ቀስ ብላ፣ «በርሜሉ ላይ የጫኑትን ድንጋይ ከየት አመጡት?»

«የቱን ድንጋይ?»

«አንድ ጎኑ የጠቆረውን። ጥላሸት ቢሆን ጣቴ ይጠቁር ነበር፤ ጎማ ሲፈትገው የኖረ ድንጋይ ነው።»

ዳኜ ወደ ብርቅነሽ ዞረ። ከዚያ ለሐመልማል ሳይሆን ለሚስቱ መናገር ጀመረ።

«ሲና እኮ በርጩማ አስጠግታ ክዳኑን ትገፋዋለች፤ ነግረሽኛል፤ ውሃው ውስጥ ትገባለች ብለሽኛል። ቸኩዬ ነበር። አጠገቤ ያየሁትን ከባድ ነገር አነሳሁ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም! አይቻታለሁ፣ ንቅንቅ አላለችም!»

«ማርሹ ለጊዜው ይዟት ነበር» አለች ሐመልማል። «እርስዎ ከሄዱ በኋላ ለቀቃት።»

ከውስጥ ሌላ ሕፃን ያለቅሳል። ብርቅነሽ ወደ ባሏ አንድ እርምጃ ሄደችና መሃል ላይ ቆመች።

ሐመልማል ሁለቱም ወንዶች ቃላቸውን ሊሰጡ ጣቢያ እንዲሄዱ አዘዘች፤ ጥፋቱን መመዘን የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ሕጉ የሚመዝነውን ታውቃለች። ዳኜ ከዛሬ ጀምሮ በርሜል ባየ ቁጥር ምን እንደሚሆን ግን በየትኛውም አንቀጽ አልተጻፈም።

ዳኜ ሲያልፍ ኢየሩ ፊት ቆመ። «ኢየሩ... እኔ...»

«ይሂዱ ጋሼ፤ ፖሊሱ ይጠብቅዎታል።»

ብርቅነሽ አጠገቧ ተቀመጠች። «ነይ ወደ ቤት እንሂድ። እንዳልሰማሽ ቁጠሪው። በሐዘን ሰው የማይለው የለም።»

ኢየሩ የተኛችውን ልጅ ከጭኗ ላይ በዝግታ አነሳችና ለእናቷ አስታቀፈቻት። የሲና ጣቶች የቀሚሷን አንገት ጨብጠው ስለነበር አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ከዚያ ወደ ዶክተር ማቲያስ ዞረች።

«ክሩ የሚወጣው መቼ ነው?»

«በሳምንቱ አምጧት።»

«እመጣለሁ» አለች ኢየሩ። «ያለ እኔ አትያዝላችሁም፤ እይዛታለሁ። ቤታችሁ ግን ተመልሼ አልገባም።»

ብርቅነሽ ቀና ብላ ሐመልማልን አየች፤ አንድ ነገር በይ የምትላት ትመስል ነበር። ኢንስፔክተሯ ለኢየሩ መንገድ ለቀቀችላት። ኢየሩ በደም የደረቀ ቀሚሷን በእጇ አፍሳ በኮሪደሩ ሄደች፤ በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ሲና ነቃች።