የአቶ ኣረጋዊ ሁለት ካርዶች

አቶ ኣረጋዊ ቅዳሜ ጠዋት በገዛ ግቢያቸው ድንጋይ ንጣፍ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ።

ቤታቸው ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ነው። ጣሪያው ለጥ ያለ ሰገነት ሲሆን ጥቁር የውሃ ሮቶ ተቀምጦበታል። የሰገነቱ ጠርዝ ግንብ ከሰው ጉልበት አያልፍም። ሬሳው የወደቀው ልክ ከዚያ ግንብ ሥር ነበር።

ኢንስፔክተር ኣብረኸት ስትደርስ በር ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት ነገሩን ወስኖ ጨርሷል። ሽማግሌው ውሃ መምጣቱን ሊያዩ ወጥተው አዳለጣቸው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ቀድሟት የደረሰው ሳጅን ሃፍታይም እንደዚያው ጽፎ ጠበቃት።

«ኪሳቸውን ፈትሸሃል?» አለችው።

«አዎ። ስልካቸውም የባንክ ካርዳቸውም ኮታቸው ኪስ ውስጥ ናቸው። የተነካ ነገር የለም።»

«ካርዱ የት እንደተገኘ ለሰው ነግረሃል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው አትናገር።»

በውጪው ደረጃ ወደ ሰገነቱ ወጣች። የሮቶው ክዳን እንደተከደነ ነው፤ አቧራው ላይ የጣት ምልክት አይታይም። ጠርዙ ግንብ ላይ ግን ጥቁር መነጽር ተቀምጧል፤ ክንዶቹ በጥንቃቄ ታጥፈዋል። የወደቀ ሰው መነጽሩን አጥፎ አይወድቅም። እንደገና ወርዳ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ማጅራታቸው ላይ ቀጭን ክር አየች። ስትስበው ከካናቴራቸው ሥር አፏ የተቋጠረ የጨርቅ ከረጢት ወጣች። ቋጠሮውን ፈታችው። ውስጧ ሌላ የባንክ ካርድ ነበረ። ሁለቱም ካርዶች የአንድ ባንክ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ስም የለም፤ ቁጥራቸው ብቻ ይለያያል።

ስልኩን ከፈተችው። የዘመድ ጥሪ፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ የቴሌ ማስታወቂያ ሞልቶታል። ከባንክ የመጣ ግን አንድም መልእክት የለም። ወር በገባ ቁጥር ጡረታ የሚቀበሉ ሰው ስልክ ነው።

ወይኒ የሟቹ የእህት ልጅ ናት፤ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ዓይደር አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ገና ሳይነጋ ለጠዋት ተራዋ ወጥታ ስለነበር መርዶው የደረሳት እዚያው ነው።

«ኣኮይ ሁለት ዓመት ሙሉ የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ነበር» አለች፤ አጎቷን በአካባቢው አጠራር እየጠራች። «ረቡዕ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐሙስ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት ፊቴን ነው። ‹ወይኒ፣ ከስተሻል› አሉኝ።»

ኣብረኸት እንባዋ እስኪያባራ ጠበቀቻት። «መነጽራቸውን ውጪ ያወልቁ ነበር?»

«በጭራሽ፤ ብርሃኑ ያማቸዋል። የሚያወልቁት ለማንበብ ብቻ ነው። የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ያነቡ ነበር።»

«የባንክ ካርዳቸውስ የት ነው የሚቀመጠው?»

«አንገታቸው ላይ። ከረጢቷን እኔ ነኝ የሰፋሁላቸው። ሲተኙም አያወልቋትም።»

«የሚስጥር ቁጥሩን ማን ያውቃል?»

«ያልሰማ ማን አለ? ማሽኑ ፊት ቆመው ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት። ስቆጣቸው ‹የማያይ ሰው ምን ምስጢር አለው› ይሉኛል። ለእኔም፣ ለጓደኛቸው ለአቶ ፍሰሃም፣ ለተከራያችን ለሙነወርም ነግረዋል። መልእክት ሲመጣም አጠገባቸው ያለ ሰው ያነብላቸዋል።»

«ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንግዳ መጥቶ ነበር?»

«ሐሙስ የአቶ ፍሰሃ ባለቤት ኣደይ ለተገብርኤል መጥተው ነበር። እጃቸውን ስመው ‹ለዋሉልኝ ውለታ እግዚአብሔር ይክፈልዎ› አሏቸው። ምን ውለታ እንደሆነ ኋላ ብጠይቃቸው ኣኮይ ዝም አሉኝ።»

ሬሳውን ያገኘው ሙነወር ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል፤ ከግቢው ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የኣብረኸት ጥያቄ መብዛቱን ያየው ጎረቤት አሁን ዓይኑን የጣለው እሱ ላይ ነበር። ዓርብ ማታ ሽማግሌው ሲጮሁበት ተሰምቷልና።

«እውነት ነው፣ ጮኸውብኛል» አለ ሙነወር። «ቤቱን ልለቅ ነው ስላቸው ነው። ‹ወዴት ልትሄድ? ከማን ጋር ላወራ?› ብለው ተቆጡ። አላህ ይርሐማቸው፤ ቁጣቸው እንደ አባት ነበር። ዛሬ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ወረፋ ይዤ ነበር። ስመለስ...»

«ወደ ገንዘብ ማሽኑ ወስደሃቸው ታውቃለህ?»

«አንድ ጊዜ፣ ባለፈው ወር። ከአንገታቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ ማሽኑ እምቢ አለ። ሁለቴ ሞከርኩ። ኔትወርክ የለም ብለን ተመለስን። በማግስቱ ከአቶ ፍሰሃ ጋር ሄደው አወጡ።»

አቶ ፍሰሃ ከሟቹ ጋር አርባ ዓመት መሬት የቀየሱ የሥራ ባልደረባ ናቸው። ቤታቸው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው። ኣብረኸትን በር ላይ ሲቀበሏት ዓይናቸው ቀልቷል።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ቤት። መርዶው እስኪመጣ አልወጣሁም። ስንት ጊዜ ሰገነት ላይ አትውጣ አልኩት! አይሰማም።»

«ገንዘብ ፈልጎ የገደላቸው ሰው ይኖር ይሆን? ካርዳቸውን የሰረቀ?»

አቶ ፍሰሃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካርዱ ኮቱ ኪስ ውስጥ እያለ ማን ሰረቀው ይባላል?»

ኣብረኸት ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። ስትወጣ ሳሎን ጥግ አልጋ ላይ የተጋደሙትን ወይዘሮ ለተገብርኤልን ሰላም አለቻቸው። ግራ ክንዳቸው በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነው ነው፣ ኣደይ?»

«ኩላሊቴ ነው፣ ልጄ። በሳምንት ሁለት ቀን ዓይደር ሆስፒታል ደሜ በማሽን ይታጠባል። ይኸው በእሱ ነው የምኖረው።»

እሁድ ቀብሩ ተፈጸመ። ሰኞ ጠዋት ኣብረኸት የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዛ ሮማናት አካባቢ ወዳለው የሟቹ ባንክ ሄደች። ረምላ የምትባል ሠራተኛ ሁለቱን ካርዶች መረመረችላት። ኪስ ውስጥ የተገኘው የአቶ ኣረጋዊ እውነተኛ ካርድ ነው። አንገታቸው ላይ የነበረው ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ከዓመት በፊት ጠፋብኝ ያለ የሌላ ሰው ካርድ። ከእውነተኛው ካርድ ደግሞ ሽማግሌው በየወሩ ከሚያወጡት ሌላ ላለፉት አራት ወራት በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ወጥቷል፤ ሁልጊዜም ዓይደር ካለ ማሽን።

«ዓይደር!» አለ ሳጅን ሃፍታይ። «ልጅቷ የምትሠራበት!»

ኣብረኸት ቀኖቹን አንድ በአንድ እያየች ነበር። ከዚያ ረምላን ለብቻዋ አነጋገረቻት። ከባንኩ ስትወጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሰልስቱ ሰው ሲበተን አምስት ሰዎችን ሳሎን አስቀረች። ወይኒ፣ ሙነወር፣ አቶ ፍሰሃና ባለቤታቸው፣ እንዲሁም ረምላ ነበሩ። ሳጅን ሃፍታይ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«አቶ ኣረጋዊ ውሃ ሊያዩ አልወጡም» ብላ ጀመረች። «የሮቶውን ክዳን ማንም አልነካውም። መነጽራቸውን ግን አውልቀው አጥፈው አስቀምጠዋል። የሚያወልቁት ለማንበብ ነው። ስለዚህ ሰገነቱ ላይ የሚያነቡት ነገር ነበር። ስልካቸው ላይ ደግሞ የባንክ መልእክት የሚባል የለም፤ ባንኩ ግን ለእያንዳንዱ ወጪ ልኳል። ሁሉንም እየተከታተለ ያጠፋ ሰው አለ።»



«አሁን ወደ ካርዶቹ። አንድ ሰው ማሽኑ ፊት ሊረዳቸው ቆሞ እውነተኛውን ወስዶ የሞተ ካርድ መለሰላቸው። የማያይ ሰው በመዳሰስ አይለየውም። ሙነወር ያን የሞተ ካርድ ሲያስገባ ማሽኑ እምቢ አለ። በማግስቱ ግን ገንዘቡ ወጣ። ኔትወርክ አልነበረም የጠፋው። በማግስቱ አብሯቸው የሄደው ሰው እውነተኛው ካርድ በእጁ ነበር።»

ሙነወር ቀስ ብሎ ወደ አቶ ፍሰሃ ዞረ።

«እኔ...» አሉ አቶ ፍሰሃ። «ዓይደር የምትሠራው ወይኒ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ወይኒ በሳምንት ስድስት ቀን ዓይደር ናት። ያ ገንዘብ ግን የወጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው፣ ሁልጊዜም በሦስት ሰዓት ግድም። ኣደይ ለተገብርኤል፣ እጥበቱ መቼ መቼ ነው?»

ወይዘሮ ለተገብርኤል ባላቸውን እያዩ በጣም ቀስ ብለው መለሱ። «ማክሰኞና ዓርብ። እሱ ነው የሚወስደኝ።»

«አንድ ነገር ቀርቷል፣ አቶ ፍሰሃ። የአቶ ኣረጋዊን ካርድ ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው አንገት ላይ ነው። እርስዎ ቅዳሜ ዕለት ‹ኮቱ ኪስ ውስጥ› አሉኝ። እዚያ መኖሩን ያወቅነው እኔና ሳጅን ሃፍታይ ብቻ ነበርን። እኛና እዚያ የከተተው ሰው። የመጨረሻውን መልእክት አጥፍተው፣ ምንም ያልተሰረቀ ለማስመሰል ስልኩንና እውነተኛውን ካርድ ኪሳቸው ከተቱ፤ ከካናቴራ ሥር የተቋጠረውን ለመፍታት ግን ጊዜ አላገኙም።»

አቶ ፍሰሃ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። 

«ዓርብ ማታ እንደ ልማዴ ስልክህን ልይልህ አልኩት» አሉ። «‹ዛሬ ራሴ አነበብኩት› አለኝ። ‹ነገ በጠዋት ና፤ ወይኒ ሳትሰማ ሰገነት ላይ እንጫወት።› ሌሊቱን ሙሉ እስር ቤት ይታየኝ ነበር። እሷ የሚወስዳት አጥታ ስትሞት ይታየኝ ነበር። ጠዋት መነጽሩን አወለቀና መልእክቱን ያነብልኝ ጀመር። እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም፤ ገፋሁት።»

«መጨረሻውን እኔ ልንገርዎ» አለች ረምላ።  «አቶ ኣረጋዊ ዓርብ ከሰዓት ባንክ መጡ። ካርድዎን አሁኑኑ ልዝጋው አልኳቸው። ቁጥርዎን ለልጅዎም ቢሆን አይንገሩ፣ ያላወጡት ገንዘብ ወጣ የሚል መልእክት ሲደርስዎ ያኔውኑ ይደውሉልን አልኳቸው። እሺ፣ እሺ አሉ። ከዚያ ‹እስከ ማክሰኞ አትዝጊው፤ ማክሰኞ የሚታከም ሰው አለ› አሉኝ። ‹ቀጥሎ ለጓደኛዬ ውክልና እሰጣለሁ፤ እንዴት እንደሚሞላ አሳዪኝ። የሰጠሁትን ይውሰድ እንጂ ሌባ ሆኖ አይኑር።› ቅጹን ይዘው ሄዱ።»

ወይኒ ከአጎቷ መጻሕፍት መሐል ያገኘችውን የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የፍሰሃ ሙሉ ስም በአቶ ኣረጋዊ እጅ፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል።

አቶ ፍሰሃ ወረቀቱን አልነኩትም። ሳጅን ሃፍታይ ክንዳቸውን ይዞ ሲያስነሳቸው ባለቤታቸው ቀና አሉ።

«ኣረጋዊ ራሱ ነው የሚሰጠኝ ብለኸኝ ነበር» አሉ። «ሐሙስ ሄጄ እጁን ሳምኩ። እኔ ነኝ የነገርኩት፣ ፍሰሃ። እኔ ነኝ ያስገደልኩት።»



ማክሰኞ ጠዋት ወይኒ ባጃጅ ይዛ የእነ አቶ ፍሰሃን በር አንኳኳች። ውስጥ ሰው አለ፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

«ሂጂ፣ ልጄ» አለ ድምፅ ከበሩ ጀርባ። «ከእንግዲህ አልሄድም። ያ ደም ይበቃኛል።»

«ለይቅርታ አልመጣሁም» አለች ወይኒ። «እሱን ገና አላውቀውም። ኣኮይ ግን ማክሰኞ ብለዋል፤ ማክሰኞ ዛሬ ነው። ቃላቸውን በእኔ እጅ አያስፈርሱት።»

የባጃጁ ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። መንገዱ ጸጥ አለ። ወይኒ ግንባሯን ከቆርቆሮው በር አስደግፋ ቆየች። ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው መወርወሪያው ተሳበ።