ከከሰሉ ክምር የወጣው ሰው

ይህ ነገር የሆነው ዘንድሮ ጥር ላይ፣ ከእንጅባራ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። የመንደሯን ስም አልጠራም። ብጠራላችሁና ሄዳችሁ ብትጠይቁም ማንም አይመልስላችሁም...

ጨለማም አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ባንተአምላክ የከሰል ክምሩን እየጠበቀ ነው። ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ቆርጦ፣ ከምሮ፣ በገለባና በአፈር ደፍኖ ካቀጣጠለው ሦስተኛ ቀኑ። እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ እየነደደ ነው፤ ጭስ በየቀዳዳው መውጣት አለበት።

ያን ቀን ግን አይጨስም።

እጁን አስጠጋ። ይፋጃል። እሳቱ አልጠፋም... ግን አይጨስም።

አንዱን ቀዳዳ በእንጨት ሊያሰፋ ጎንበስ አለ። ያኔ ሰማው።

«ውሃ...»

ከውስጥ ነው።

ድምፁን ያውቀዋል።

በ2014 ኅዳር፣ የጦርነቱ ወሬ አገሩን ባመሰው ሰሞን፣ አንድ መንገደኛ በመንደሯ አለፈ። አነጋገሩ የአገሩን ሰው አይመስልም። የባንተአምላክ ደጅ ቆሞ ውሃ ለመነ። ጎረቤቱ አስማረ «ሰላይ ነው!» ብሎ ጮኸ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ መለየት ያስቸግራል። የመጀመሪያውን ምሳር ያሳረፈው ግን ባንተአምላክ ነው። ሰውየው መሬት ለመሬት እየዳኸ እንኳ ውሃ ይል ነበር። ሦስት ጊዜ አለ። ለአራተኛው መንጋጋ አልተረፈውም።

ከረጢቱን ሲፈቱት አንድ ሸሚዝና የግንበኛ ዕቃ አገኙ።

እዚያው ማሳው ላይ ቀበሩት። ክረምት ሲገባ ባንተአምላክ ችግኝ ተከለበት። ስለዚያ ቀን አንድም ሰው አላነሳም። ከዚያ ወዲህ ግን እንግዳ የሚያሳድር ቤት ጠፋ። ሰርግ ላይ እንኳ ሰው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው የሚበላው።

ዛፉ በአራተኛ ዓመቱ ደረሰ። አሁን እዚያው ማሳ ላይ ተከምሮ የሚነደው ያ ዛፍ ነው።

ሚስቱ ሸጋ ከቤት ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰማህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ።»

«ያው ነው... ያ ሰውዬ ነው።»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

«ውሃ ላፍስበት። ልስጠውና ይልቀቀን...»

«ከሰሉ ይበላሻል።»

ይህን ሲል የገዛ ድምፁ ቀፈፈው።

ቀና ሲል አስማረ ክምሩ አጠገብ ቆሟል።

ሲመጣ አላዩትም። ውሻው አልጮኸም። እንደምን ዋላችሁ አላለም። ከቀዳዳው ጭሱ ድንገት ቦነነና ፊቱን መታው... ዓይኑን አልጨፈነም።

«አስማረ፣ አንተም ትሰማለህ?»

አስማረ የባንተአምላክን ምሳር ከመሬት አነሳና ክምሩ አናት ላይ ወጣ። አፈሩን በሁለት እጁ ይጨፈጭፈው ጀመር። አንድ... ሁለት... ሦስት...

«ውረድ! ይደረመሳል!» ሸጋ ጮኸች።

ተደረመሰ።

አስማረ እስከ ደረቱ ፍም ውስጥ ገባ። እሳቱ አየር ሲያገኝ ቦግ አለ። ባንተአምላክ ዘሎ እጁን ያዘውና ጎተተ። ቆዳው ተገፎ መዳፉ ውስጥ ቀረ። የራሱም እጅ እየነደደ በብብቱ ገብቶ መነጨቀው።

የወጣው ጥቁር ነገር ነው። ፀጉር የለው፣ ቅንድብ የለው። በእጅና በጉልበቱ ዳኸ።

«ውሃ...» አለ።

መንደርተኛው የሸጋን ጩኸት ሰምቶ ምሳርና ዱላውን ይዞ ደርሷል። ያዩት ከዚያ መሬት ወጥቶ፣ እየዳኸ ውሃ የሚለምን ሰው ነው።

«እሱ ነው! ተነሥቷል!» አለ አንዱ።

«አስማረ ነው! ኧረ በእመቤቴ፣ አስማረ ነው!» ሸጋ በላዩ ላይ ወደቀችበት። እግሯን ጎትተው ወረወሯት።

ባንተአምላክ ማን እንደሆነ ያውቃል። የተቃጠለ እጁን አቅፎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ውሃ የሚለምነውን ሰው አናት ሁለት ቦታ ከፈሉት። ካበቃለት በኋላም መምታታቸውን አላቆሙም። ሲደክማቸው ብቻ ነው የተዉት። ሸጋ ያለችው እውነት መሆኑ የገባቸው ያኔ ነው።

ለአስማረ ሚስት ለእታለማሁ «እሳት በላው» ብለው ነገሯት።

«ጠዋት እኮ ዳንግላ ሄደ!»

«ተመልሶ ነው።»

«ቤቱ ሳይገባ?»

ሬሳውን በአቡጀዲ ጠቅልለው ደጇ ላይ አጋደሙት። ቄሱ እስኪመጡ ለቅሶው ቀለጠ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ሚኒባስ ቆመ።

አንድ ሰው ወረደ። አዲስ አካፋ ትከሻው ላይ ይዞ፣ እያለከለከ ዳገቱን ወጣ። የተሰበሰበውን ሰው ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

አስማረ ነው።

ሰውነቱ ላይ አንድ ጭረት የለም።

«ምነው? ማን ሞተብን?» አለ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። እታለማሁ አልሮጠችለትም። ወደ ኋላዋ ሸሸች።

«እኔ ነኝ እኮ... ምን ሆነሻል?»

አቡጀዲውን ገልጦ ሊያይ የደፈረ የለም። ሁሉም የሚያየው የቆመውን ነው። ከፊትም ከኋላም ቀስ እያሉ ከበቡት...

አስማረ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «ባንተአምላክ፣ አንተ እንኳ ንገረኝ። ምንድን ነው?»

ባንተአምላክ ሊነግረው ፈለገ። ሽሽ፣ አምልጥ ሊለው ፈለገ። ግን ክንዱን አንድ ነገር ከበደው። ዝቅ ብሎ አየ። በተቃጠለው እጁ ትልቅ ድንጋይ ይዟል።

መቼ እንዳነሳው አያውቅም።