ኖራ ያልነካው ግድግዳ

«ዝም ካልሽ ማን ያውቃል? ፋራ አትሁኚ!» አለ ቶማ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ በኮኮናት ቅጠል እየሸፈነ።

ሉፔ የሚያብረቀርቀውን ግድግዳ አየች። ነገ የቤተክርስቲያኑ በዓል ነው። በዚህ የሳሞአ መንደር እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቤተክርስቲያኑ ግድግዳ የራሱ ድርሻ አለው፤ ከበዓሉ በፊት ኮራል የሚባለውን የባሕር ድንጋይ አቃጥሎ ኖራ ያወጣል፤ ኖራውን በውሃ አብርዶ ይቀባዋል። ዘንድሮ ሥራው ለሉፔና ለአጎቷ ልጅ ለቶማ ተሰጠ። ቶማ ግን ማገዶ መልቀሙ ሰለቸውና ትናንት እሷ ትምህርት ቤት ሳለች ግድግዳውን የሱቅ ዘይት ቀለም ለቀለቀው።

ማማሩንስ አምሯል። የኮራል ግንብ ግን ካልተነፈሰ እርጥበቱ ከውስጥ ይበላዋል። የደወሉ ማማ ጥግ የተናደው በዘይት ቀለም ታፍኖ እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የቤተክርስቲያኑን ሾጣጣ መስኮቶች የነደፈው ከፈረንሳይ የመጣ ቄስ ነው፤ ስሙም በሩ ላይ ተቀርጿል። ኮራሉን ከባሕር ጠልቀው ያወጡት የመንደሩ ሴቶች ግን ስማቸው የትም የለም። አንዷ የሉፔ ቅድመ አያት ነበረች።

የቤተሰቡ አለቃ አጎት ፋላኒኮ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ሲመጣ ቶማ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አያችሁ የኔን ልጆች?» አለ ፋላኒኮ። «ከሁሉም የኛ አበራ! ነገ የክብር መጠጡ፣ የመጀመሪያው የካቫ ጽዋ፣ ለኛ ነው!»

ሉፔን አሳዘናት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ...»

ቶማ እግሯን ረገጣት።

ፋላኒኮ እንደ ወጉ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ኖራ ቢሆን እጁ ነጭ ሆኖ ይመለስ ነበር። መዳፉን አየ፤ ንጹሕ ነው። ሉፔንም አየ። ከዚያ መዳፉን ጨበጠና «ጎበዞች!» ብሎ ሽማግሌዎቹን ወደሚቀጥለው ግድግዳ መራቸው።

«በቃ፣ አለፈ!» አለ ቶማ እፎይ ብሎ።

ሉፔ ግን ገብቷታል፤ አጎቷም እያወቀ ነው ያለፈው።

የብረት መፋቂያውን አነሳች።

«አበድሽ እንዴ? ለነገ ኖራ አይደርስም! ሕዝቡ ሁሉ ግድግዳውን ራቁቱን ያየዋል!»

«ይየው።»

ብረቱ ከግንቡ ጋር ሲፋጭ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ፋላኒኮም ዞረ። ሉፔ ፊቱን ላለማየት ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተከለች፤ መፋቋንም ቀጠለች።