የሚሸነፍ አማች

«የጅባቱ ጅብ» ማይኩን ከእጇ ሲነጥቃት ሃዋኒ የምር ነበር የደነገጠችው። የሬስሊንግ አስተዋዋቂ ሆና የመጀመሪያ ቀኗ ነው። የጉደር አዳራሽ ሕዝብ «ሌባ! ውጣልን!» እያለ ይጮኻል፤ እሱ በማይኩ ያጓራል፣ ይሳደባል፣ ደረቱን ይደልቃል። ከዚያ ማይኩን ሊመልስላት ሲል ክንዱ ላይ ባሰረው ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረገውና ማንም እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ይቅርታ እህቴ፣ አስደነገጥኩሽ አይደል?» አላት።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጅብ ማን ይጠላል? ሃዋኒ የዚያን ቀን ጨዋታውን እንዴት አስተዋውቃ እንደጨረሰች እሷም አታውቀውም።

ሃዋኒ አምቦ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ የተማሪ ሰልፍ ያለ ማይክ ጸጥ የምታሰኝ ባለ ድምፅ። ተድላ የሚባለው የጂም ባለቤት የአምቦን ልጆች ሰብስቦ የሬስሊንግ ትርኢት ሲያቋቁም፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያፈራረቀች ታስተዋውቅልኝ ብሎ እሷን መረጠ። ጅቡ ደግሞ እውነተኛ ስሙ ጂራ ነው፤ ጅባት ውስጥ ያለችው የሸነን ከተማ ልጅ፣ እንጨት ቤት ውስጥ አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራ። ከሪንጉ ከወረደ ሻይ ለማዘዝ እንኳን የሚያፍር ሰው ነው።

ማን እንደሚያሸንፍ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀድሞ የሚወስነው ተድላ ነው። ውሳኔውም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ጂራ ያጭበረብራል፣ በወንበር ከኋላ ይማታል፣ በመጨረሻ መልከ መልካሙ ጉታ ይጥለዋል። ደጋፊው እውነተኛ ጠላቶች እንዲመስሉት ሲባል ጀግኖቹና ክፉዎቹ በአንድ ሚኒባስ አይሄዱም፣ አንድ ሻይ ቤት አይቀመጡም። አስተዋዋቂዋ ከጀግኖቹ ጋር ናት። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከአምቦ ጊንጪ በሁለት መኪና እየተጓዙ በስልክ ነበር የሚዋደዱት።

«ከኋላችሁ ነን፤ በመስኮቱ ትታዪኛለሽ» ይላታል።

«እኔ መሆኔን በምን አወቅክ?»

«ደቂቃ በደቂቃ እየዞረ የሚያየን ሌላ ማን አለ?»

ሃዋኒ አፍራ ስልኩን ትዘጋለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትዞራለች። ወይ ሃዋኒ!

ችግሩ አባቷ ናቸው። ኦቦ ቀጀላ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ ግማሹን አምቦ መርፌ የወጉ፣ የተከበሩ ሰው። ሬስሊንግ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉታ ሲገባ ቆመው ያጨበጭባሉ፣ ጂራ ሲገባ ባርኔጣቸውን ይወረውሩበታል።

ጂራ ሽማግሌ ሲልክ ሦስቱም «ጃርሶች» ይህን ያውቁ ነበር። ቢሆንም ሄዱ። ኦቦ ቀጀላ በጸጥታ ሰሟቸውና፣ «በወንበር ከኋላ ለሚማታ ሰው ልጄን አልሰጥም!» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ላለ ትልቅ ሰው ‹ይሄ እኮ ጨዋታ ነው› ብሎ ማን ይንገር? አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ሃዋኒ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አባቷ ብቻቸውን ሲቀሩ እንባዋን ጠርጋ ወጣች።

«አባኮ፣ ወንበሩ እኮ...»

«ወንበሩ ስስ ጣውላ ነው፤ ሲመታ እንዲሰበር አድርጎ የሚሠራውም ራሱ ጂራ ነው። ልጅ መሰልኩሽ እንዴ?»

አጠገባቸው ቁጭ አለች። «ታዲያ ለምን እንደዚያ ይጮኻሉ?»

«ደስ ስለሚለኝ ነዋ! ሬስሊንግ ካልተጮኸበት ምኑ ሬስሊንግ ነው?» ከዚያ ፊታቸው ጠቆር አለ። «ስሚኝ፣ ያ ልጅ ከሁሉም ይበልጣል። ጉታን የሚያነሳው እሱ ነው፣ ሳይጎዳው የሚያወርደው እሱ ነው። ግን ተድላ ተኛ ሲለው ይተኛል። ተነስ ሲለው ይነሳል። አንድ ቀን እንኳን እምቢ ሲል አላየሁም። ለራሱ ያልቆመ ሰው ነገ ላንቺ ይቆማል? እስቲ አንድ ቀን ያሸንፍና ልይ። የሚሸነፍ አማች አልፈልግም።»

በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩት ደግሞ እሳቸው ብቻ አልነበሩም። በደጋፊዎቹ የቴሌግራም ቡድን ውስጥም ወሬው ይኸው ነበር። አንዱ «ጂራን የቀበረው ተድላ ነው!» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ጅብ ያሸነፈ ቀን ሁለተኛ አልገባም!» ብሎ ይምላል።

በማግስቱ ሃዋኒ እንጨት ቤት ሄደች። ጂራ ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆኖ በር እየላገ ነበር። አባቷ ያሉትን ምንም ሳታስቀር ነገረችው። ስትጨርስ መላጊያውን አስቀመጠና ሰጋቱራውን ከክንዱ አራገፈ። እንዳትነካው ሠራተኞቹ ያያሉ፤ እንዳትሄድ እግሯ እምቢ አላት።

«አባትሽ ልክ ናቸው» አለ በመጨረሻ።

«ተቀየምክ?»

«አልተቀየምኩም። እኔ ሰው ሲያዘኝ ቶሎ እሺ እላለሁ፣ አመሌ ነው። አንቺን ተዋት ቢሉኝ ግን እሺ አልልም።» ቀና ብሎ አያት። ያን ጊዜ ሃዋኒ ሠራተኞቹንም ረሳቻቸው።

የዚያኑ ቀን ተድላ ዘንድ ሄዶ «ቅዳሜ ጊንጪ ላይ ካላሸነፍኩ አልመጣም» አለው። ተድላ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተቆጣ፣ ከዚያ ለመነ። «አንተ ካሸነፍክ ሰው ማንን ሊጠላ ይመጣል?» አለው። ጉታም «እናቴ ልታየኝ መጥታ ልሸነፍ?» ብሎ አኮረፈ። ጂራ ግን ቃሉን አልለወጠም። በመጨረሻ ተድላ እጁን ሰጠ፤ ለአንድ ቀን ብቻ ጅቡ እንዲያሸንፍ ተወሰነ።

ቅዳሜ የጊንጪ ገበያ ተበትኖ ሕዝቡ ወደ አዳራሹ ጎረፈ። ኦቦ ቀጀላ ከአምቦ ድረስ መጥተው የፊት ወንበር ላይ ተሰይመዋል። የሃዋኒ ልብ ከማይኩ በላይ ይጮኻል። ጨዋታው እንደታሰበው ሄደ። ወንበሩ ተሰበረ፣ ባርኔጣው ተወረወረ። የቀረው ጉታ ከገመዱ ላይ ዘሎ ጂራን መሳቱ፣ ጂራ ደግሞ አንስቶ መጣሉ ነበር።

ጉታ ዘለለ። አወዳደቁ ግን ልክ አልነበረም። ሃዋኒ ከጠረጴዛዋ ሆና ትከሻው ከቦታው ሲወጣ አየችው።

ጂራ አጠገቡ ተንበረከከ። ሕዝቡ ሊያንቀው ነው ብሎ ጮኸ።

«ወልቋል...» አለ ጉታ ጥርሱን ነክሶ። «እጅህን ደረቴ ላይ አድርግና ጨርሰው። አሸንፍ።»

እንዴት ቀላል ነበር! እጁን ማሳረፍ ብቻ ነው፤ ዳኛው ሦስት ይቆጥራል፣ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ። ጂራ ቀና ብሎ ሃዋኒን አያት። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባት፤ ራሷን በ‹አይሆንም› ነቀነቀች። እሱ ግን የጉታን ደህና እጅ ያዘና የተመታ መስሎ በጀርባው ተዘረረ፤ ያንን እጅ ሳብ አድርጎ የገዛ ደረቱ ላይ አሳረፈው።

ዳኛው ግራ እየገባው ቆጠረ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

አሁን ማሳወቅ የሃዋኒ ሥራ ነው። ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ጠላችው። ከመቼውም በላይ ደግሞ ወደደችው። «አሸናፊው...» አለች፤ «ጉታ!» አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሮጣ ስትደርስ ጂራ የጉታን ግንባር ከላብ እየጠረገ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይለዋል። መጋረጃው እንደገና ተከፈተና ኦቦ ቀጀላ ገቡ። ጉታ የትርኢቱን ሕግ አስታውሶ «ራቅ በል፣ አንተ ሌባ!» ብሎ ጂራን ሊገፋ ሲሞክር በራሱ ህመም ጮኸ።

«ተወው ልጄ፣ ትወናው ይቆይልህ» አሉ ኦቦ ቀጀላ። ኮታቸውን አውልቀው ክንዱን ያዙ። «ስትወድቅ መውለቁን አይቻለሁ።»

ይህን ጊዜ ተድላ እየተንደረደረ ገባ። «ማነው ውጤቱን የቀየረው? ማን አዘዘ?»

«ማንም። እኔ ነኝ» አለ ጂራ ተነስቶ።

«ታሸንፋለህ ተባልክ! አንተ ራስህ ጠይቀህ!»

«የምር የተጎዳ ሰው ላይ በውሸት አላሸንፍም። ካልተስማማህ ሌላ ጅብ ፈልግ።»

ይህን ሲል የጉታ ትከሻ በኦቦ ቀጀላ እጅ ቀጭ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጉታ «ዋቃዮ!» ብሎ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ኦቦ ቀጀላ ክንዱን በፎጣ አንገቱ ላይ አሰሩለት፤ ቋጠሮውንም ሳይቸኩሉ አጠበቁት። ጂራን ቀና ብለው እንኳን አላዩትም። ዞረው ልጃቸውን አዩ።

«ሃዋኒ» አሉ። «ጃርሶቹ መቼ ይምጡ?»

እንዲህ ያለው ቀን የሚቆረጠው በአባት ነው፤ ሴት ልጅ ተጠይቃ አታውቅም። ሃዋኒ አባቷን አየች፣ ጂራን አየች፤ ጂራ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ነገ» አለች።

ኦቦ ቀጀላ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ጠዋትማ አምልኮ አለ» አሉ። «ከሰዓት ይምጡ።»