የኮከብ ክለብ ገንዘብ ያዥ የለቀቀችበት ምክንያት

ዮፍታሔን ያወቅሁት በስደት አገር፣ ኪኩቦ በሚባል ገበያ ውስጥ፣ በአንድ የጅምላ ልብስ መሸጫ ሒሳብ እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። እዚያ ደረሰኝ ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ስም ነው፤ እኛ ሐበሾች ደግሞ የየአባታችንን ስም ሰጥተን እንገላገላለን። ተሸካሚው «መሸሻ» ብሎ ሲጣራ ሁለታችንም ዞርን።

«መሸሻ እኔ ነኝ» አለ፣ አሥራ አምስት ማሊያ አቅፎ።

«እኔም ነኝ» አልኩት።

አየኝ። ቶሎ አልተወኝም፣ እኔም ቶሎ ዞር አላልኩም።

«እሑድ ጨዋታ አለን» አለኝ በመጨረሻ፤ «ብትመጪ ደስ ይለኛል።»

ሄድኩ። በሦስተኛው እሑድ በር ላይ ቲኬት እቆርጥ ነበር፤ በዓመቱ የኮከብ ክለብ ገንዘብ ያዥ ሆንኩ። ሰው ሁሉ ለኳስ ያለኝ ፍቅር መሰለው። ይምሰለው ብዬ ተውኩት።

ኮከብ ትንሽ ክለብ ነው። ግማሹ ተጫዋች እንደኛው ስደተኛ፣ ግማሹ የሰፈሩ ልጅ ነው። ደመወዝ የለም፤ የሜዳው ኪራይ የሚከፈለው በር ላይ ከሚሰበሰበው ነበር። ኮሮና መጥቶ ተመልካች ሲከለከል ገቢው ቆመ፣ ኪራዩ ግን አልቆመም። የሜዳው ባለቤት አንድ ዓመት ሙሉ ታገሰንና፣ እስከ ፋሲካ ካልተከፈለው ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ እንደሚያከራይ ቁርጡን ነገረን።

ያን ሰሞን ነው መንግሥት በወረርሽኙ ለከሰሩ ክለቦች ብድር ሊሰጥ ነው የሚባል ነገር የሰማነው። ሊቀመንበራችን ጋሽ ሀብተማርያም፣ ቡጎሎቢ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ሰው፣ ፎርሙን ራሳቸው ይዘው መጡ። ፈራሚዎቹ ጸሐፊው ዮፍታሔና እኔ ነን።

የብድር ቢሮዋ ሴትዮ ፎርሙን አየት አድርጋ ቀና አለች።

«ባልና ሚስት ናችሁ?»

«አይደለንም» አልን፣ ሁለታችንም በአንድ አፍ።

«እህትና ወንድም?»

«አይደለንም። መሸሻ የአባቴ ስም ነው» አላት ዮፍታሔ።

«የእኔም የአባቴ ስም ነው» አልኩ።

«ታዲያ አባታችሁ አንድ ነው» አለችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ግማሽ ሰዓት አስረዳናት። በመጨረሻ ገባት፣ እግዜር ይስጣት። ሆኖም የአንድ ቤተሰብ ሰዎች በመንግሥት ገንዘብ ላይ በጋራ አይፈርሙም፤ ስለዚህ ዝምድና እንደሌለን፣ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስም ለሦስት ዓመት በጋብቻ እንደማንዛመድ ምለን ወረቀት እንድናመጣ አዘዘችን። እስከ ዓርብ።

ደረጃውን ስንወርድ አብረውን የመጡት ጋሽ ሀብተማርያም ብቻ ናቸው ደስ ያላቸው። ፋሲካ ሲያልፍ ዮፍታሔ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ ሊለምናቸው እንዳሰበ ማን ነግሯቸው።

«ሦስት ዓመት እጠብቅሻለሁ» አለኝ ዮፍታሔ ስንለያይ።

«እንደማታገባኝ ምለህ?»

«እንግዲያ ሜዳው ይቅር» አለ። ሌላው ቦታ ሁሉ ስደተኛ ነው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ዮፍታሔ ነው። ይህን አውቃለሁ።

«ሜዳውም አይቀርም፣ እኔም አልቀርም» አልኩት። ተናድጄ ነበር። እወድሃለሁ ማለቴ እንደሆነ የገባኝ ቦዳ በምንለው የታክሲ ሞተር ላይ ከተፈናጠጥኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ብቻዬን ቢሮው ተመለስኩ። ፈራሚ መቀየር ይቻላል፤ ግን የክለቡ ጉባኤ መወሰን፣ ምክንያቱም በቃለ ጉባኤው ላይ መጻፍ አለበት።

«ብድር ሲመጣ የምትለቅ ገንዘብ ያዥ ብዙ ጊዜ ያጎደለች ናት» አለችኝ ሴትዮዋ ፊት ለፊት።

አብሬያቸው የምኖረው አክስቴ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ደግሞ አንድ ሕግ አላቸው፤ ሽማግሌ ደጃቸውን ሳይረግጥ የእህታቸው ልጅ ስም ከወንድ ስም ጋር አይነሳም። ምክንያቱን ብናገር እሳቸውን አዋርዳለሁ፣ ብደብቀው ሌባ እባላለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩና ቆረጥኩ።

ሐሙስ ከሰዓት አርባ የሚሆኑ አባላት ጭምብል አድርገው፣ ተራርቀው ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ዮፍታሔ ቃለ ጉባኤ ሊይዝ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ያሰብኩትን አልነገርኩትም ነበር፤ ብነግረው እኔ ልልቀቅ ይላል፣ ክለቡን ከምንም ተነሥቶ ያቆመው ደግሞ እሱ ነው።

«ናፍቆት መልቀቅ ትፈልጋለች» አሉ ጋሽ ሀብተማርያም። «ምክንያቷን ትንገረን።»

ጭምብሌን ዝቅ አደረግሁ።

«አንዲት ሳንቲም አላጎደልኩም፤ መዝገቡ ይኸው። የምለቀው ዮፍታሔን ስለማገባ ነው። ሽማግሌ ገና አልላከም፤ ብድሩ ቀደመው።»

ዮፍታሔ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ጻፈው እንጂ» አልኩት።

ጻፈ። በእኔ ቦታ ግብ ጠባቂያችን ቶሌራ ተመረጠ፤ ቦዳ ነጂ ነው፣ የየቀኑን ነዳጅ ሳይመዘግብ አያድርም። ዓርብ ቃለ ጉባኤው ገባ፣ ብድሩም ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ተለቀቀ። ሜዳው ተረፈ።

ወሬው ግን በዚያው ሐሙስ ማታ አክስቴ ጋ ደርሷል። እስከ ፋሲካ አላናገሩኝም። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ጋሽ ሀብተማርያም ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሲመጡ፣ አክስቴ ተቀመጡ እንኳ ሳይሉ አቆሟቸው።

«የልጄን ነገር ከኳስ ስብሰባ ሰምቼዋለሁ። እናንተ ምን ቀርቷችሁ መጣችሁ?»

«ይቅርታ ልንጠይቅ» አሉ ጋሽ ሀብተማርያም አንገታቸውን ደፍተው። «ጥፋቱ የእኛ ነው። እሷ ስሟን የሰጠችው ለአርባ ሰው ሜዳ ብላ ነው።»

አክስቴ በእነሱ አልፈው ወደ በሩ አዩ። እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

«ልጁ የታለ?»

«ውጭ ነው፤ ወጉ አይደለምና…»

«ወጉን እናንተ መቼ ጠበቃችሁት። ይግባ።»

ዮፍታሔ ገብቶ በሩ ሥር ቆመ።

«እሷ በአርባ ሰው ፊት ተናግራለች» አሉት። «አንተ እስካሁን ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም» አለ። ከዚያ እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየ «ለእርስዎ ልናገር፣ እማማ። እወዳታለሁ» አለ።

አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«በሉ ተቀመጡ።»