አንዲት ክኒን ጨምሪልኝ

«ቪልያ፣ አንዲት ብቻ ጨምሪልኝ። እግሬ እምቢ አለኝ።»

እናቷ ፓይቪ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ የበሩ ደፍ ላይ ደርቃ ቆማለች። ከንፈሯን እንኳ የምታንቀሳቅሰው በመከራ ነው። ቪልያ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍልን ትጨርሳለች፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት በዓሉ ሊጀመር ነው።

ሕመሙ ፓርኪንሰን ነው። ክኒኑ መጀመሪያ ላይ ተአምር ሠርቶ ነበር፤ ፓይቪ ከልጇ ጋር በረዶ ላይ ስትንሸራተት ያያት ሰው ታማሚ ናት አይልም ነበር። ዓመታት ሲደራረቡ ግን ነገሩ ተበላሸ።

«መድኃኒቱ ያው ነው» ብላ ነበር ሐኪሟ። «የተለወጡት አንጎሏ ውስጥ የመድኃኒቱን መልእክት የሚቀበሉት ሕዋሳት ናቸው። መድኃኒቱ ለብዙ ዘመን ስለተወሰደ በትንሹ የሚነኩ ሆኑ። ትንሽ ሲያንሳቸው ትደርቃለች፣ ትንሽ ሲበዛባቸው ትወራጫለች። መሃሉ ደግሞ እየጠበበ ነው።»

«ተመልሶ ይሰፋል?» አለቻት ቪልያ።

ሐኪሟ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

ለገና በዓል ፓይቪ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ስትወራጭ የቪልያ የክፍል ጓደኛ ኦስካሪ «ሴትዮዋ ጥንብዝ ብላለች!» ብሎ ወንዶቹን አስቋቸዋል። ቪልያ ያን ሳቅ ድጋሚ መስማት አልፈለገችም።

«ሐኪሟ ከልክላለች» አለች። ውሸት ነበር፤ ፓይቪ እግሯ እምቢ ሲል አንዲት እንድትጨምር ተፈቅዶላታል።

«እሺ የኔ ልጅ። በይ ወንበር አቅርቢልኝና ሂጂ።»

ቪልያ ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻትና ደረጃውን ወረደች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ግን እግሯ አልሄድ አላት። ተመልሳ ክኒኗን ከውሃ ጋር እናቷ አፍ ላይ አደረሰች።

«እማ፣ ዋሽቼሽ ነው።»

«አውቃለሁ። አልፈርድብሽም።»

ክኒኑ ሠርቶ አዳራሹ ሲደርሱ መዝሙሩ ተጀምሯል። የፓይቪ ትከሻ መዝለል፣ አንገቷም መጠማዘዝ ጀምሯል። መድኃኒቱ ሲለቃት መልሳ እንደምትደርቅ፣ የዛሬ ዓመት ደግሞ ከዚህ እንደሚብስ ሁለቱም ያውቃሉ። ኦስካሪ ዞር ብሎ አያቸውና ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመው።

«ኋላ እንቀመጥ» አለች ፓይቪ በሹክሹክታ። «ማንም አያየንም።»

ባዶ ወንበር ኋላም ነበር፣ ፊትም ነበር። ቪልያ የሚወራጨውን እጅ ሳትጫነው ያዘችና በመሃሉ መተላለፊያ ወደ ፊት መራቻት።