አልጋ ቁጥር ዜሮ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ... እኔ ግን ዛሬም ስጽፈው ንዴቴ አልበረደም።

የባሕር ዳር ከተማችን ሴቡ። ወደቡ አጠገብ ያለው ቢሯችን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ንጋት ላይ አንዲት የመንገደኛ መርከብ ሰጥማ ነበር። አባቴና ታናሽ ወንድሜ ዶዶንግ ተሳፍረውባታል።

አባቴን አውጥተውታል፤ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ዶዶንግ የለም።

ፍለጋው ግን ቆመ። በዝርዝሩ ላይ ያሉት ሁሉ ተገኝተዋል ተባለ።

ያንን ዝርዝር የሚያወጣው ደግሞ የእኛ ፕሮግራም ነው...

መርከቧ ሁለት ዝርዝር ትልካለች፤ የተሳፋሪዎች ስም ለብቻ፣ የአልጋ ቁጥር ለብቻ። እኛ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሁለቱን በየተራቸው እናጣምርና ስሙን ቁልፍ፣ ማለትም መለያ፣ አድርገን በፊደል ተራ እናሰልፋለን። አንድ ቁልፍ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሰው በዚያው ስም ከመጣ የፊተኛውን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ፕሮግራሙ ትንፍሽ አይልም።

አባቴ ቴዎዱሎ ማግባኑዋ ይባላል። ዶዶንግ የቤት ስሙ ነው እንጂ ወንድሜም ቴዎዱሎ ማግባኑዋ ነው። መለያቸው ከስሙ ኋላ የሚጨመረው "ጁኒየር" እና "ሦስተኛው" ነው፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ እሱን መጻፍ ይሰለቸዋል። ስለዚህ አባቴ ሲገኝ ዝርዝሩ ላይ ያለው አንዱ ቴዎዱሎ ተገኘ ተባለ።

ለአለቃዬ ለቫልሞሬስ ስንት ጊዜ ነገርኩት። እዚህ አገር ጁኒየር የሌለበት ቤት የለም፣ ቁልፉ የአልጋ ቁጥር ይሁን ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ።

የመጀመሪያው ቴዎዱሎ አያታችን ነበር። ሎሎ ነበር የምንለው። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የቀኝ አውራ ጣቱን ገመድ ቆርጦታል። ዶዶንግ ሳይወለድ እዚያው ባሕር ላይ ወጥቶ ቀረ።

ፕሮግራሙን አስነሳሁት።

ቴዎዱሎ ማግባኑዋ... አልጋ 18።

ደግሜ አስነሳሁት።

አልጋ 17።

ዝርዝሩን ማንም አልነካውም። መልሱ ሊቀየር አይችልም...

እንደገና።

አልጋ 0።

መርከቧ ላይ አልጋ ዜሮ የሚባል የለም።

"ተይው" አለኝ ቫልሞሬስ ከኋላዬ ቆሞ፣ በሹክሹክታ።

"ወንድሜ ውሃ ውስጥ ነው።"

"ጥፋቱ የእኛ መሆኑ ከታወቀ አለቀልን። ነገ እናስተካክለዋለን።"

"ነገ ሬሳውን ነው የምታስተካክለው?"

እጄን ሊይዝ ሞከረ። ገፈተርኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ትንሽ ቢጠጋኝ ኖሮ ወንበሩን አነሳበት ነበር።

ቁልፉን ወደ አልጋ ቁጥር ቀየርኩና አስነሳሁት። ዝርዝሩ በቁጥር ተራ ወረደ።

0... ቴዎዱሎ ማግባኑዋ።

17... ቴዎዱሎ ማግባኑዋ።

18... ቴዎዱሎ ማግባኑዋ።

ከመርከቧ የተላከውን የስም ዝርዝር ከፈትኩ። ሁለት ቴዎዱሎ ብቻ ነው ያለው።

ቫልሞሬስ ወደ ግድግዳው አፈገፈገ።

ለፈላጊዎቹ ደወልኩ። ወንድሜ እንደቀረ፣ ዝርዝሩ እንደዋሸ፣ ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ ነገርኳቸው። የፍለጋዋ ጀልባ ወደ ባሕር ተመለሰች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዶዶንግን አገኙት። በሕይወት።

ሆስፒታል ስደርስ ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቋል።

"እትዬ..." አለኝ። "ሎሎን ለምን ተዋችሁት?"

"የቱን ሎሎ?"

"ሎሎ ነኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ ይዞኝ ነበር እኮ... ጀልባዋ ስትመጣ ለቀቀኝ።"

በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። ቫልሞሬስ መልእክት ልኳል። ያቺ የዜሮዋ መስመር ታሳፍረናለች፣ አጥፊያት ይላል።

ምን ብዬ እንደመለስኩለት እዚህ አልጽፈውም።

ስልኩን ወርውሬ የዶዶንግን አንሶላ ገለጥ አደረግሁ። ክንዱ ላይ የእጅ አሻራ በልዟል። ጠንካራ፣ ሰፊ እጅ ነው።

አራት ጣት...

የአውራ ጣቱ ቦታ ንጹሕ ነው።